የኡበይደላ መጋረጃ

እናቴ ፍቅረኛ እንዳላት የደረስኩበት በስምንት ዓመቴ ነው። ማንም አልነገረኝም፤ ራሴ መርምሬ ነው። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ሞልቶኛል። እንደዚያ ተጠንቅቄ፣ ማስረጃ በማስረጃ ላይ ደርድሬ፣ መጨረሻ ላይ እንደዚያ ሙሉ በሙሉ የተሳሳትኩበት ሌላ ጉዳይ ትዝ አይለኝም።

ፍቅረኛዋ ጋሽ ኡበይደላ ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ወረድ ብሎ ባለው ሰፈራችን፣ ለስላሳና በረዶ የሚሸጥ ሰውዬ ነው። ሃምሳ ዓመት አልፎታል፣ ፂሙን ሂና ይቀባል፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ከሱቅ ይወጣል። ለፍቅረኛነት የሚያበቃ ምንም ነገር አልነበረውም፤ ከአንድ ነገር በቀር። በመንደሩ ፍሪጅ ያለው እሱ ብቻ ነበር። ሚያዝያ ላይ የአዳማ ነፋስ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስል ፊት ይለበልባል። በዚያ ወር ፍሪጅ ያለው ሰው መልክ አያስፈልገውም ብዬ ደመደምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ የሺዓለም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት ከቁርስ በፊትና ማታ ከእራት በፊት፣ እጄን ይዛ ወደ ሱቁ ትሄዳለች። ሌላ ነገር ሁሉ የሚዘገይባት ሴት ናት። ወጥ ያርርባታል፣ ልብስ ገመድ ላይ ያድርባታል፣ ለሠርግ ስትጠራ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ትደርሳለች። ወደ ጋሽ ኡበይደላ ሲሆን ግን ደቂቃ አታዛንፍም። ሱቁ ስንደርስ ደጃፉ ላይ ታቆመኛለች።

«ሚልካ፣ እዚህ ቁሚ። ሰው ከመጣ መዝሙር ጀምሪ፣ እሺ?»

«የትኛውን?»

«የፈለግሽውን። ብቻ ጮክ በዪ።»

ሱቅ ነውና ሰው አይጠፋም። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ እዘምራለሁ። በቤተ ክርስቲያናችን የልጆች ክፍል መምህሯ ይህን ሰምታ «ይህች ልጅ በመንገድ ላይ እንኳን በጌታ አታፍርም» ብላ በሁሉም ፊት አመሰገነችኝ፤ ሽልማትም እርሳስ ሰጠችኝ። የዝሙት ዘበኛ ሆኜ መሸለሜ ሕሊናዬን እየቆረቆረው፣ እርሳሱን ተቀበልኩ።

ከባንኮኒው ኋላ አበባ ያለበት መጋረጃ አለ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል። በዜማ መሀል ትንፋሽ ስወስድ ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የእናቴ አንድ እግር መሬት ላይ ነው፤ ሌላው የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጥቷል። ከወዲያ በኩል የጋሽ ኡበይደላ ነጠላ ጫማ ይታየኛል፤ ጣቶቹ ወደ ግድግዳ ዞረዋል። ተኳርፈዋል ማለት ነው አልኩ። ፍቅር ያለ ኩርፊያ አይሆንም ሲባል ሰምቻለሁ።

«ዛሬ በየት በኩል ነው?» ይላታል፣ ለግድግዳው።

«ትናንት በቀኝ ነበር። ዛሬ በግራ።»

«አንድ ቦታ አታብዢ። ሥጋው ይደድራል ብለውሽ የለ?»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ደግሞ ሳትበዪ ሰፈር እንዳትዞሪ።»

አንድም ነገር አልገባኝም። ያልገባኝ በጣም አሳፋሪ ስለሆነ ነው ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን በመጋረጃው ጠርዝ ሾልኬ ሳይ፣ እናቴ በጋዜጣ ተጠቅልላ ከፍሪጅ የወጣች ትንሽ ነገር በሁለት መዳፎቿ መሀል ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ ታንከባልላለች። ይቅርታ እየጠየቀች ነው አልኩ፤ ኃጢአቱን ከመሥራቷ በፊት።

አሁን ሳስበው፣ ሰውዬው ወደ ግድግዳ የዞረው ጭኗን ላለማየት ነበር። መዳፏ ውስጥ የነበረችውም ቀስ ብሎ እየሠራ ቀኑን የሚያደርሰው፣ ደፍረስ ያለው የኢንሱሊን ብልቃጥ ናት። ሳይናወጥ እንዲህ እየተንከባለለ ካልተዋሐደ መጠኑ ይዛባል። ነገር ግን መርፌ ይሆናል ብዬ ላስብ የምችልበት መንገድ አልነበረም። እናቴ ድናለች። ካሴቱ አለ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የቤተ ክርስቲያናችን ወንጌላዊ ወንድም ልዑልሰገድ ድንኳን ተክሎ የፈውስ ጉባኤ አዘጋጅቶ ነበር። ለዓይነ ስውራን ይጸልያል፤ የራሱ መነጽር የለስላሳ ጠርሙስ ቂጥ ያህል ይወፍራል። እናቴ ስኳር በሽታ ከያዛት መንፈቅ ሆኗት ነበር። እጁን ጫነባት፣ ወደቀች፣ ተነሣች። ማይኩን ሲሰጣት «ስኳሬ ሄዷል! መርፌዬን ጥያለሁ!» አለች። ድንኳኑ ሊነቀል ደረሰ። ምስክርነቷ በካሴት ተቀዳ፤ ሞጆ ሄደ፣ ባቱ ሄደ፣ አባቴ ዲበኩሉ በዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛነት እስከሚሠራበት የላንጋኖ ሆቴል ድረስ ሄደ። አባቴ በየሁለት ሳምንቱ ቤት ሲመጣ የሆቴሉ ምግብ አብሳዮች ሚስቱን እንዴት እንደሚያደንቁ ይነግረን ነበር። አዲስ አማኝ ሲገኝ «የዳነችውን የሺዓለምን» ሊያይ ወደ ቤታችን ይመጣል።

ያኔ ያልተነገረኝ፣ ከመድረኩ በወረደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሷን ስታ ሆስፒታል መግባቷን ነው። ሐኪሙ «ይህን መድኃኒት ካቆምሽ ትሞቻለሽ፤ ጸልዪ፣ ግን እየተወጋሽ» ብሏታል። ለኛ ወባ ነው ተባለ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ወባ ያልሸፈነው ምስጢር የለም። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን የምታኖርበት ቀዝቃዛ ቦታ ያስፈልጋታል፤ ባለቤቱም ቤተ ክርስቲያናችን የማይመጣ ሰው መሆን አለበት። ከጋሽ ኡበይደላ የተሻለ ማን አለ? እሁድ ቀን ሱቁን ከፍቶ ይውላል፤ ስለ ካሴቱም ግድ የለው።

ሌላ ማስረጃም ነበረኝ። ጋሽ ኡበይደላ በወጣን ቁጥር ሦስት ከረሜላ መዳፏ ላይ ያስቀምጣል። እሷም መቀነቷ ላይ ትቋጥረዋለች። ለእኔ አንድም ቀን አልሰጠችኝም፤ «ጥርስ ይበላል» ትለኛለች። አንድ ጠዋት ወደ ገበያ ስንሄድ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ግንባሯ በላብ ተጠመቀ። እጇ ተንቀጠቀጠ። የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አየችኝና «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ። ከዚያ መቀነቷን በጥርሷ ፈታች፤ ሦስቱንም ከረሜላ፣ አንዱን ከነወረቀቱ፣ አፏ ውስጥ ከተተች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ተመልሳ እናቴ ሆነች። እኔ ግን ቂሜን ያዝኩ። ልጅን የሚያስረሳና ከረሜላ የሚያስነጥቅ፣ ይህ ነው ፍቅር ማለት አልኩ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ልጄ ያቤጽ ውኃ ደጋግሞ ከጠጣ ጤና ጣቢያ ይዤው እሮጣለሁ። ሰውነቱ ካላበው ከረሜላ፣ ካላላበው ደግሞ ለምን አላላበውም ብዬ ቴርሞሜትር። ነርሷ ከሩቅ ስታየኝ ጃንጥላዋን አንሥታ በጓሮ በር ትወጣለች ይባላል። ትውጣ። ነገርን አይቶ አለማወቅ ምን እንደሚያደርግ እሷ አልቀመሰችውም።

ሚያዝያ ገባ። መብራት በፈረቃ ሆነ፤ አንድ ቀን ይበራል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። የጋሽ ኡበይደላ ለስላሳ እንደ ሻይ ሞቀ።

«መድ… ዕቃዬስ?» አለችው እናቴ አንድ ቀን፣ በጭንቀት፣ እኔን ገልመጥ አድርጋ።

«አትስጊ፣ የሺ። ፍሪጁ ቢሞት ፍሪዘሩ አለ። በረዶው መሀል ቀብሬ እንደ ድንጋይ አድርጌ አኖርልሻለሁ። ፀሐይ ዝር አይልበትም።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ጋሼ።»

የነጋዴ ብልሃት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ለስላሳ ሲቀዘቅዝ ይሸጣል፣ በረዶ ሲይዝ ይበልጥ ይሸጣል። ቅዝቃዜ ለመድኃኒቱ ጥሩ ከሆነ፣ በረዶ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ነገር በቢላ እጀታ እየመታ ከበረዶው ይፈለቅቅላታል። እሷም ብብቷ ውስጥ አድርጋ እስኪሟሟ ትጠብቃለች። ይህን ያህል ትዕግሥት ለአባቴ ስታሳይ አላየሁም።

በሳምንቱ መክሳት ጀመረች። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ። ውኃ ትጠጣለች፣ ወደ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ተመልሳ ውኃ ትጠጣለች። ትንፋሿ እጅግ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ሙዝም እየገዛላት ነው አልኩ፤ እሱንም ደብቃ ትበላለች።

ጎረቤታችን እትዬ ሸዋወርቅ ቧንቧ ላይ በጀሪካን ውኃ ስንቀዳ አየቻት። የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ናት፤ የእናቴን መዳን በካሴት ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

«የሺ፣ ምነው እንዲህ አለቅሽ?»

«ሙቀቱ ነው፣ እትዬ።»

«አይ ሙቀት! ሴት ልጅ እንዲህ የምትከሳው ወይ በበሽታ ነው ወይ በሰው ነው። እናንተ ደግሞ በሽታ የለብንም ብላችሁ በካሴት አውጃችኋል።»

እናቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ምርመራዬ ተዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከአልጋ መነሣት አቃታት። ታስመልሳለች። ሮጣ እንደመጣች ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች። ወንድም ልዑልሰገድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። እትዬ ሸዋወርቅም በሽተኛ ልጠይቅ ብላ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ አንድ ቃል እንዳያመልጣት።

«እህት የሺዓለም፣ አይዞሽ» አለ ወንድም ልዑልሰገድ። «ካሴቱ ባቱ ላይ ብዙ ነፍስ እየማረከ ነው። ጠላት የተቆጣው ለዚህ ነው። በሽታ አይደለም፤ የበሽታ ጥላ ነው።»

እናቴ በጣቷ ጠራችኝ። ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ። የፍራፍሬው ሽታ መታኝ።

«ሚልካዬ… ጋሽ ኡበይደላ ጋ ሩጪ። ዕቃዬን ስጠኝ በዪው። ቶሎ።»

በዚህ አልጋ ላይ ሆና እንኳ እሱን! አባቴ ላንጋኖ የሆቴል አንሶላ እየቆጠረ፣ የእግዚአብሔር ሰዎች ፊቷ ቆመው፣ እሱን! ዓይኖቿ ይለምኑኛል። እኔ ግን ቤታችንን ላድን ነው።

«አልሄድም» አልኩ።

ቀኝ እጄን አነሣሁ። በቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ነው ወጉ። ልቡ የሞላ ሰው እጁን ያነሣል፤ ትልቅም ይሁን ትንሽ እንዲናገር ዕድል ይሰጡታል።

«ጌታ ይባረክ። ምስክርነት አለኝ።»

የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። «ከሕፃናት አፍ!» አለ አንዱ። ወንድም ልዑልሰገድ ጭንቅላቴን ዳሰሰኝ። «ተናገሪ፣ ልጄ።»

«እናቴና ጋሽ ኡበይደላ በቀን ሁለት ጊዜ መጋረጃ ኋላ ይገባሉ። ሰው እንዳያያቸው እኔ ደጅ ላይ እዘምራለሁ።»

«ሃሌሉያ» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ፣ ከልማድ የተነሣ። ከዚያ የሰማው ነገር ገባው።

«በስመ አብ!» እትዬ ሸዋወርቅ ከበርጩማዋ ተፈናጠረች። «እኔ አመጣዋለሁ! ፊት ለፊት ይምጣና ይናገር!» ሁለት ዓመት ስትጠብቀው የነበረ ቀን ደርሶላት በሩ ላይ በወለቁት ጫማዎች ተደናቅፋ ወደቀች፣ ተነሣች፣ ሮጠች።

ጋሽ ኡበይደላ እጁ በበረዶ እንደራሰ መጣ። የጋዜጣ ጥቅሏን ይዟታል። በሩ ላይ ቆሞ እናቴን አያት፤ ማንንም ሰላም አላለም።

«ያ ረቢ! ጠዋት አልተወጋችም እንዴ? ሳትመጣ ስትቀር ደነገጥኩ እኮ!»

«ምንድን ነው የምትወጋው?» አለ ወንድም ልዑልሰገድ።

«መርፌዋን ነዋ! የስኳሩን! ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ነው የምትወጋው። ምነው፣ አታውቁም?»

ያን ጊዜ የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። ስለ መጋረጃው ሲሰሙ ያዘነ ፊት ብቻ ያሳዩት ሰዎች፣ ስለ መርፌው ሲሰሙ ጮኹ። አንዱ ሽማግሌ ራሱን ያዘ። ሌላው «ካሴቱ! ካሴቱ!» አለ። ኋላ ሳድግ ገባኝ። ለዝሙት ሥርዓት አለው፤ ስድስት ወር ከመዘምራን ታግደሽ፣ አልቅሰሽ፣ ትመለሻለሽ። ከዳነች በኋላ ለምትታመም ሴት ግን የተጻፈ ደንብ የለም።

«ሰዎች፣ ሴትዮዋ እየሞተች ነው» አለ ጋሽ ኡበይደላ። «ከዳነች በኋላ ትጨቃጨቃላችሁ። ሸዋወርቅ፣ በእግሯ በኩል ያዢ።»

እትዬ ሸዋወርቅ ልታዋርደው ያመጣችውን ሰው አየች፣ እናቴን አየች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ እናንተስ? መንገድ ልቀቁ!» ብላ ወንጌላዊውን በክርኗ ገፋችው። በሰፈራችን ባለጋሪ በምልኬሳ ጋሪ ጫንናት። ምልኬሳ ቆሞ እየነዳ «ዞር በሉ! በሽተኛ ነው!» ሲል፣ እትዬ ሸዋወርቅ የእናቴን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ «አንቺ ሞኝ፣ አንቺ ሞኝ፣ ለኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት» ትላት ነበር። ቢነገራት በማግሥቱ ከተማው ሁሉ ይሰማ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ግን እያለቀሰች ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሲስተር ቦንቱ የምትባል ነርስ ብልቃጧን ከጋዜጣው አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቻት። የተቆራረጠ ወተት የመሰለ ነገር ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቋል።

«ይህ የት ነበር የተቀመጠው?»

ጋሽ ኡበይደላ ደረቱን ነፋ። «በረዶ ውስጥ፣ ልጄ! ድንጋይ እስኪሆን! አዳማ ላይ እንደኔ አድርጎ የሚያስቀምጥ የለም።»

«አባቴ፣ አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ሞቷል። ቢሟሟም መድኃኒት አይሆንም። ይህን ሁሉ ቀን የተወጋችው እንደ ውኃ ነው።» ብልቃጧን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣለቻት። «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከፍሪዘሩ ርቆ። መብራት ከሌለ እርጥብ አሸዋ ባለው ሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ። በረዶም ፀሐይም አይወድም። ይህን የነገራችሁ የለም?»

የነገረን ነበር። በመድኃኒቱ ሳጥን ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አለ፤ ጋሽ ኡበይደላ ከረሜላ ይጠቀልልበት ነበር። ዘንድሮ በጎልማሶች ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ስጨርስ፣ መጀመሪያ ለእናቴ ያነበብኩላት ፋርማሲስቷ በመድኃኒቷ ከረጢት ላይ በአማርኛ የጻፈችውን ነው፦ በረዶ እንዳይሠራ። እናቴ «ይህችን ብቻ?» አለችኝ። ይህችን ብቻ።

ጋሽ ኡበይደላ ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ተቀመጠና በእርጥብ እጁ ፊቱን ሸፈነ። «በፍቅር ነበር እኮ ያስቀመጥኩት» አለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።  እናቴ ወደ እሱ ሩጪ ስትለኝ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያ ብልቃጥ የሞተ መሆኑ ምንም አያድነኝም፤ እምቢ ስል አላወቅሁማ።

ሁለት ቀን በደም ሥር ፈሳሽና በመርፌ ከረመች። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ከፍታ ስሜን ጠራች። አባቴ ከላንጋኖ ደርሶ የአልጋውን ብረት ይዞ ቆሟል፤ የሆቴሉን ዩኒፎርም እንደለበሰ ነው። ሲስተር ቦንቱ ከአዲስ ብልቃጥ የቀትሩን መርፌ ወግታ፣ «በሃያ ደቂቃ ውስጥ ትበያለሽ፣ አለዚያ ስኳርሽ ይወርዳል፤ ወሬ ቢኖርም ባይኖርም» ብላ ምሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ወዲያው ወንድም ልዑልሰገድ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ገባ።

«ጌታ ይመስገን፣ እህት የሺዓለም። ሽማግሌዎች ተወያይተናል። ጌታ መውጫ አሳይቶናል።» ወንበር ሳበ። «ፈውሱ እውነት ነበር። በኋላ ግን ከዚያ ሰውዬ ጋር በወደቅሽ ጊዜ ፈውሱ ከአንቺ ተነሣ። ይህን በጉባኤ ፊት ትናዘዢያለሽ፤ ምስክርነቱ እንዳለ ይቆያል። ወንድም ዲበኩሉ፣ አትቆጣ። ለሥራው የተሻለው ይህ ነው።»

አባቴ ቀስ ብሎ ጠየቀ። «ማለት… ሚስቴ አመንዝራለች ካልኩ ካሴቱ ይተርፋል?»

«በትክክል ገብቶሃል።»

«መርፌውስ?»

«መርፌው አይነሣም። እሱን ብንተወው ይሻላል።»

 እናቴ እኔን አየችኝ። ጥፋቴን የምታውቅ መሰለኝና ወደ አልጋው ሥር ልገባ ደረስኩ። እሷ ግን ክንዷን ዘርግታ አጠገቧ ጎተተችኝ፤ ከዚያ ወደ ወንጌላዊው ዞረች። ድምጿ ገና ሻካራ ነው።

«ወንድም ልዑልሰገድ፣ ብዕር ይዘዋል? ይጻፉ። ከማንም ጋር አልወደቅሁም። አልተፈወስኩምም። በየቀኑ እወጋለሁ፣ በሕይወት አለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ካሴት ከፈለጉ ይህንን ይቅዱ።»

ብዕሩ ደብተሩ ላይ ቀረ። አልጻፈም። ሰው ሲጨንቀው ወደሚያውቀው ነገር ይሸሻልና «እንጸልይ» አለ። ሁላችንም ዓይናችንን ጨፈንን። ከፍጥረት ጀመረ። ኖኅን አሳለፈ፣ አብርሃምን ከዑር አወጣ፣ ይስሐቅን አጋባ። እኔ አንድ ዓይኔን ከፍቼ የእናቴን ግንባር አየሁ፤ ላብ ችፍ ብሎበታል። ጣቷ አንሶላው ላይ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ወንድም ልዑልሰገድ ዮሴፍን ግብፅ አደረሰው።

«በዚያ ዘመን፣ ጌታ ሆይ፣ በምድሪቱ ሁሉ ላይ ታላቅ ረሃብ በገባ ጊዜ…»

«ወንድም ልዑልሰገድ» አለች እናቴ። በሕይወቷ ጸሎት አቋርጣ አታውቅም። «ረሃቡ እዚህ ደርሷል። አሜን ይበሉና ልብላ።»

ከሁላችንም ቀድሞ «አሜን» ያለው አባቴ ነው። ሳህኑንም አነሣ።